የትኛው ሮበርት ስሚዝ?

ልጆቼ፣

27 ዓመት ደብዳቤ ለይቻለሁ፤ አብዛኛውን በሌሊት ሺፍት፣ እዚሁ አሜሪካ። ጡረታ ወጥቼም ፖስታ ሳይ ዓይኔ ቀድሞ አድራሻው ላይ ያርፋል። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ አንዲት የጦር መኮንን ነው። ፊታቸው ቴምብር ላይ መውጣት አለበት ብዬ አምናለሁ። ምክንያቱም ሁለተኛውን የዓለም ጦርነት የተዋጉት በደብዳቤ ነው።

ቻሪቲ አዳምስ ይባላሉ። በ1918 ኖርዝ ካሮላይና ተወለዱ (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው)። የሂሳብ አስተማሪ ነበሩ። በ1942 የአሜሪካ ጦር የሴቶች ክፍል ሲያቋቁም ገቡ፤ በክፍሉ መኮንን ከሆኑት የመጀመሪያዎቹ ጥቁር ሴቶች አንዷ ናቸው።

በ1945 መጀመሪያ፣ ገና በ26 ዓመታቸው፣ 6888ኛውን የፖስታ ጦር ክፍል እየመሩ እንግሊዝ አገር በርሚንግሃም ገቡ። ክፍሉ 855 ያህል ሴቶች ነበሩት። የጠበቃቸው ለአሜሪካ ወታደሮች ተልኮ ያልደረሰ 17 ሚሊዮን ገደማ ደብዳቤና ጥቅል ነው። ክፍሎቹ ማሞቂያ የላቸውም። መስኮቶቹ በአየር ጥቃት ፍርሃት ጠቁረዋል። ከአገር ቤት የተላከውን ኬክ አይጥ በልቶታል። ስድስት ወር ተሰጣቸው።

አሁን ይቺን ልብ በሉ። ከወታደሮቹ መካከል ሮበርት ስሚዝ የሚባሉት ብቻ 7,500 ነበሩ! አንዳንዱ ፖስታ ላይ ደግሞ «ለጁኒየር፣ የአሜሪካ ጦር» ብቻ ተጽፏል። ሴቶቹ ሰባት ሚሊዮን ያህል ካርድ አዘጋጅተው፣ በወታደር መለያ ቁጥር አንዱን ስሚዝ ከሌላው ለዩ። በሦስት ፈረቃ፣ ሌት ተቀን።

እኔም አንድ ሌሊት ከአገር ቤት የመጣ ፖስታ እጄ ገባ። የመንገዱ ስም አለ፣ የቤት ቁጥር የለም። ሊመለስ ነበር። ገልበጥ ሳደርገው ጀርባው ላይ በአማርኛ «ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት፣ አረንጓዴ በር» ይላል። እናት እንደሆነች ከእጅ ጽሑፏ አወቅኩ። በእንግሊዝኛ ገልብጬ ለፖስታ አዳዩ ሰጠሁት። ከ27 ዓመት ውስጥ እስካሁን የማስታውሰው ያንን ሌሊት ነው።

አንድ ቀን ጄኔራል ሊጎበኝ መጣ። ሁሉም ሴቶች ለምን አልተሰለፉም ብሎ ተቆጣ። ሌሊት የሠሩት ተኝተው ነበር። «ሥራውን የሚያሳይሽ ነጭ መቶ አለቃ እልክልሻለሁ» አላቸው። ሻለቃ አዳምስ «ሬሳዬን ተራምደው ካልሆነ በቀር አይሆንም፣ ጌታዬ» አሉት። በጦር ፍርድ ቤት አስከስሳለሁ ብሎ ዛተ፤ ነገሩ ግን እዚያው ቀረ። ሥራው በሦስት ወር አለቀ። እሳቸውም በዚያው ዓመት ሌተና ኮሎኔል ሆኑ።

በ2023 ቨርጂኒያ ያለው የጦር ካምፕ በእሳቸውና ግሬግ በሚባሉ ጥቁር ጄኔራል ስም ተሰየመ፤ ፎርት ግሬግ-አዳምስ ተባለ። በ2025 ስሙ ተነሳ። በጣም አዘንኩ። ታፔላ በአንድ ቀን ይነቀላል። ተለጥፎ የተላከ ቴምብር ግን ማን ይሰበስበዋል? አንዱ አያት መሳቢያ ውስጥ፣ ሌላው ተማሪ ደብተር ውስጥ ይቀመጣል።

እዚህ አገር የቴምብር ሐሳብ የሚያይ የዜጎች ኮሚቴ አለ። ማንም ሰው በደብዳቤ ሐሳብ ማቅረብ ይችላል። ቴምብሩ ላይ የሚወጣው ሰው ካረፈ ሦስት ዓመት ማለፍ አለበት፤ ኮሎኔል አዳምስ ያረፉት በ2002 ነው። ለጥቁር አሜሪካውያን የተሰጠው ተከታታይ ቴምብር በ1978 የጀመረው ብዙ ሰው ከባርነት ባስመለጠችው በሃሪየት ተብማን ነው። ሻለቃዋ ከእሷ ጎን ሲቆሙ ይታየኛል።

ብዙዎቻችሁ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ታነሳላችሁ፣ ምግብ ታደርሳላችሁ። ስማችሁን የሚጠራ አለቃ ላይኖር ይችላል፤ ያማል፣ አውቀዋለሁ። ካርቶኑ ላይ ግን የሰው ስም አለ። አንብቡት።

ስለ ቴምብሩም ጻፉ። በእጃችሁ፣ በወረቀት። ዚፕ ኮዱን እንዳትረሱ፤ የመላሽ አድራሻችሁንም ከላይ በግራ በኩል።