ለምትጽፉ የወሎ ልጆች፦ ከማሳተም በፊት

አብሽሩ ልጆቼ። ይህን የምጽፈው ደሴም ሁኑ ኮምቦልቻ፣ ወልድያም ሁኑ ባቲ፣ ግጥምና ልቦለድ፣ ተውኔትና መንዙማ ይዛችሁ ማታ ማታ ለምታመሹ ነው። ዕድሜዬን የፈጀሁት የሰው ጽሑፍ ሳርም ነው። ማተሚያ ቤት በአራሚነት ገባሁ፣ ኋላ አርታዒ ሆንኩ፤ ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ረቂቅ የያዘ ልጅ ከደጄ አይጠፋም። ሁላችሁም የምትጠይቁኝ ያንኑ ነው፦ «የት ላሳትም? ስንት ያስወጣኛል?» የወጪውን ነገር እነግራችኋለሁ፤ ግን ከእሱ የሚቀድም ጉዳይ አለኝ።

ወሎ ጸሐፊ ጎድሎበት አያውቅም። የጎደለን በጸሐፊው ዙሪያ የሚቆመው ሰው ነው፤ የሚያርም፣ ገጽ የሚያቀናጅ፣ ሽፋን የሚሠራ፣ መጽሐፉን ይዞ የሚዞር፣ ሒሳብ የሚይዝ፣ ከሁሉም በላይ አንብቦ እውነቱን የሚናገር። ይህ ሰው ስለሌለ ገና ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ልጅ ሁሉንም ብቻውን ይሸከማል። ከአጎቱ ይበደራል፣ እናቱ የእቁብ ዕጣዋን ትሰጠዋለች፣ አዲስ አበባ ሄዶ አሳትሞ በአውቶቡስ ጭኖ ይመለሳል። ምረቃ ይደረጋል፣ ይጨበጨባል። ከዚያ መጽሐፉ አልጋ ሥር ይገባል።

ሸዋበር አካባቢ አንዱን ልጅ ቤቱ ድረስ ሄጄ አይቼዋለሁ። ካርቶኖቹ በግድግዳው ጥግ እስከ መስኮቱ ተደርድረዋል። የደሴን ክረምት ታውቁታላችሁ፤ ከታች ያሉት እርጥበት ጠጥተው ሽፋናቸው ተጠቅልሏል። አንዱን አንስቼ ገለጥኩት። መታሰቢያነቱ ለእናቱ ነው፤ የእናቱ ስም አንድ ፊደል ተገድፎ ታትሟል። በሁሉም ቅጂ ላይ። ልጁ ቀድሞ አይቶት ኖሮ እኔ ሳነበው ፊቱን አዞረ። ግጥሞቹን ቁጭ ብዬ አነበብኳቸው፤ ከመካከላቸው ሰባት ስምንቱ የትም ቢቀርቡ የማያሳፍሩ ናቸው። አንድ ሰው ከመታተማቸው በፊት አብሮት ቢቀመጥ ኖሮ እነዚያ ሰባት ስምንቱ ነጥረው ይወጡ ነበር።

አሁን ወደ ሒሳቡ። በኦፍሴት፣ ማለትም ብዙ ቅጂ በሚታተምበት ትልቁ ማሽን፣ ሲታተም ብዙው ወጪ ማሽኑ ከመዞሩ በፊት የሚወጣ ነው። ፕሌት፣ ማለትም የገጹ ምስል የሚያርፍበት ስስ ብረት፣ ይሠራል፣ ማሽኑ ይስተካከላል፣ እስኪስተካከልም ወረቀት ይበላሻል። ይህ 300 ብታሳትሙም 3000 ብታሳትሙም ያው ነው። ስለዚህ ቅጂው በበዛ ቁጥር የአንዱ ዋጋ ይወርዳል። አታሚው «ጨምር፣ ይረክስልሃል» ሲላችሁ አልዋሸም፤ ግን የሚረክሰው የአንዱ ቅጂ ዋጋ ነው፣ ጠቅላላ ዕዳችሁ ይጨምራል። የሽፋን ዋጋው 300 ብር ይሁን እንበል። አከፋፋይና ሻጭ ሲሶውን ከወሰዱ ለእናንተ 200 ይደርሳል። ማሳተሚያው በአንድ ቅጂ 150 ከሆነና 1000 ካሳተማችሁ፣ 150,000 ብር አውጥታችኋል፤ ይህን ብቻ ለመመለስ 750 መጽሐፍ መሸጥ አለበት። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ናቸው፤ የራሳችሁን አስገቡና ማታ ቁጭ ብላችሁ አስሉት። ከዘመድና ከጓደኛ ውጭ መጽሐፋችሁን የሚገዛ ማን እንደሆነ በስም መጥራት ካልቻላችሁ፣ በዲጂታል ማተሚያ መቶ ቅጂ አስወጡ። አንዱ ቅጂ ይወደድባችኋል፤ እንቅልፋችሁ ግን አይሄድም።

ወረቀቱ ከውጭ የሚገባ ነው። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ከሐምሌ 2016 ወዲህ ደግሞ የማተሚያ ዋጋን አምኖ መቀመጥ አይቻልም። ፕሮፎርማ ስትቀበሉ እስከ መቼ እንደሚጸና አስጽፉ። የገጹን ብዛትም አታሚውን ቀድማችሁ አማክሩ። ብዙ ጊዜ አንድ ትልቅ ወረቀት ታጥፎ 16 ገጽ ይሆናል፤ 96 ገጽ ማለት ስድስት ወረቀት ነው። 98 ካደረጋችሁት ለሁለት ገጽ ብላችሁ ተጨማሪ ወረቀት ታስገባላችሁ። ሁለት ደካማ ግጥም አውጡ።

ስለ ምረቃ አንድ ነገር ልበል፣ አትቀየሙኝ። ለአዳራሽ፣ ለባነርና ለምሳ የምታወጡት ገንዘብ ለአርታዒ ቢከፈል መጽሐፉ ሌላ መጽሐፍ በሆነ ነበር። ሽፋኑ ሲገለጥ ያጨበጨበላችሁ ሰው አንደኛውን ምዕራፍ ላያነብ ይችላል፤ ያረመላችሁ ሰው ግን መጨረሻውን ገጽ ሳይቀር አንብቧል።

መጽሐፍ የአንድ ሰው ሥራ ሆኖ አያውቅም፣ በተለይ በእኛ አገር። ከደሴ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ሄዳችሁ ሐይቅ እስጢፋኖስን ተመልከቱ። አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዓመት ገዳሙን የመጻሕፍት ቤት ሲያደርጉት፣ ብራና የሚፍቅ፣ ቀለም የሚበጠብጥ፣ በቁም ጽሕፈት የሚጽፍ፣ ሐረግና ሥዕል የሚያስገባ፣ የሚደጉስ እጅ ያስፈልግ ነበር። በወሎ የእስልምና ትምህርት ማዕከላት በገታና በዳናም ሼሆቹ በዐረብኛ ፊደል በአማርኛ የጻፉትን አጀሚ፣ ተማሪዎቻቸው ደረሶች እየገለበጡ ከአንዱ መስጊድ ወደ ሌላው ወስደውታል። የሼህ ሁሴን ጅብሪልን ግጥም ያቆየው ደግሞ በቃል የያዘው ሕዝብ ነው፤ በመጽሐፍ የታተመው ከሳቸው በኋላ ነው። እናንተ የዚህ ሁሉ ልጆች ሆናችሁ ብቻችሁን እንድትንገላቱ ያደረጋችሁ ምንድን ነው?

ስለዚህ በወንፈል ሥሩ። ዛሬ የእሱ ማሳ፣ ነገ የእሷ። አምስት ወይም ስድስት ሁኑ፤ ሲበዛ ወሬ ይሆናል። ጽሑፉን ጸሐፊው አያንብብ፤ ሌላ ሰው ጮክ ብሎ ያንብበው፣ ጸሐፊው ዝም ብሎ ይስማ። አንባቢው የሚደናቀፍበት ቦታ ላይ ምልክት ያድርግ፤ ሰው ፊት ያልተነበበ ዐረፍተ ነገር ታሞ ይሁን ድኖ አይታወቅም። «ደስ ይላል» ማለት በመካከላችሁ ይቅር። የት ላይ እንደሰለቻችሁ፣ የትኛውን መስመር ደግማችሁ እንዳነበባችሁት፣ የቱ ላይ እንደተነካችሁ ተናገሩ። ወሎዬ የሰው ፊት ማጥቆር አይወድም፣ አውቃለሁ፤ ይሉኝታችን ያኮራኛል። ረቂቅ ላይ ግን ይሉኝታ ጓደኛን ይጎዳል።

እርማትም በሁለት ሰው ነው የሚያምረው። አንዱ ከዋናው ረቂቅ ያነብባል፣ ሌላው እስክሪብቶ ይዞ በፕሩፉ፣ ለእርማት በወጣው ናሙና፣ ላይ ይከተላል። ሥርዓተ ነጥቡ ሳይቀር ይነበባል፤ «ነጠላ ሰረዝ»፣ «አራት ነጥብ»፣ «አዲስ አንቀጽ» እየተባለ። በማተሚያ ቤት ዘመናችን እንዲህ ስንሠራ የሚሰማን ሰው ጸሎት የምናደርስ ይመስለው ነበር። ጸሐፊ ብቻውን ሲያርም ዐይኑ የሚያየው ሊጽፍ ያሰበውን ነው፤ የእናቱ ስም የተገደፈበት ልጅ ገጹን ደጋግሞ አይቶት እንደነበር ነግሮኛል። ከጎናችሁም አንድ ወረቀት አስቀምጡና የፊደል ውሳኔያችሁን መዝግቡበት፤ በገጽ 12 «ፀሐይ» ያለው መጽሐፍ በገጽ 40 «ጸሃይ» ሲል አንባቢ እምነቱን ይቀንሳል። ጽሑፋችሁን በዩኒኮድ ጻፉ፤ በድሮ ፎንት የተተየበ ፋይል ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ፊደሉ ተበታትኖ ያገኘሁበት ቀን ብዙ ነው።

ከመካከላችሁ አንዷ ሌይአውት ትልመድ፣ አንዱ ሽፋን ይሥራ፣ አንዱ ከመጽሐፍ አዟሪዎች ጋር ይዋል። አዟሪን አትናቁ፤ ሰው የትኛውን መጽሐፍ አንስቶ እንደሚመልስ፣ የትኛውን ተከራክሮም ቢሆን እንደሚገዛ ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። መጽሐፍ በአደራ ስትሰጡ ቁጥሩንና ቀኑን ጽፋችሁ ተፈራረሙ፣ በወሩም ሂዱና ጠይቁ። ሳትጠይቁ ዓመት አቆይታችሁ «ከዱኝ» አትበሉ።

ይህ ሙያ ያበላል። ብዙ ባይሆንም ያበላል፣ ከግጥም ግን ቀድሞ። የሠርግ ጥሪ ወረቀት የምታቀናብር ልጅ፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ የሚያርም ልጅ፣ የሱቅ ማስታወቂያ የሚጽፍ ሠዓሊ ጥበቡን አላረከሰም፤ የቤት ኪራዩን ከፍሎ ማታ ለራሱ ሥራ ይቀመጣል። አምባሰልንና ባቲን አገር ሁሉ ይዘፍንባቸዋል፤ መጀመሪያ ቅኝቱን ያወጣው ሰው በምን እንደበላ ግን የጠየቀ የለም። እናንተ ስለ እርስ በርሳችሁ ጠይቁ። ጓደኛችሁ ሽፋን ሲሠራላችሁ «የኛ ሰው ነው» ብላችሁ በምስጋና አትሸኙት፤ ትንሽም ብትሆን ቀድማችሁ ተስማሙና ክፈሉት። የጓደኛችሁንም መጽሐፍ ግዙ። «አንድ አትሰጠኝም?» የሚለው ልማድ ከደግነታችን የመጣ ነው፤ ቢሆንም ጸሐፊው በእያንዳንዱ ነጻ ቅጂ የማተሚያው ዕዳ አለበት።

አሳታሚ ካገኛችሁ እሰየው። ውሉን ግን ከመፈረማችሁ በፊት ጮክ ብላችሁ አንብቡት። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሥራችሁ ከተፈጠረበት ሰዓት ጀምሮ የእናንተ ነው፤ የሚያስገኘው ጥቅምም በሕይወት ሳላችሁ ለእናንተ፣ ከዚያም ለ50 ዓመት ለወራሾቻችሁ ነው። ታዲያ የምትፈርሙት ለአንድ እትም ነው ወይስ ለሁልጊዜ? ስንት ቅጂ? ትረካና ትርጉም አብሮ ይሄዳል? ገንዘቡስ መቼ ይከፈላል? አንድ የማውቀው ደራሲ ሁለተኛ እትም መውጣቱን የሰማው ከአዟሪ ነው። ውሉን አምጣ ብዬ አየሁለት፤ ስለ እትም ቁጥር አንድ ቃል አልነበረበትም። ይህን እያሰብኩ እስካሁን እቆጫለሁ። እናንተም በቴሌግራም የሚዞረውን የሰው መጽሐፍ ፒዲኤፍ አታስተላልፉ፤ የነገው መጽሐፍ የእናንተ ነው።

በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ብዙ ሰው በለበሰው ልብስ ነው የወጣው። ሲመለስ ኮምፒውተሩ የለም፣ ደብተሩም የለም። ዓመታት የተለፋባቸው ረቂቆች እንደዚያው ቀሩ። የምትጽፉትን በኢሜይል ለራሳችሁ ላኩ፣ አንድ ቅጂ ሌላ ከተማ ላለ ሰው አስቀምጡ፤ ይህን ዛሬውኑ አድርጉት።

እኔ ዘንድ የምትመጡ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤት ነኝ። ቡና አለ። ብቻችሁን አትምጡ፤ ረቂቁን ቀድሞ ያነበበ አንድ ጓደኛ ይዛችሁ ኑ፣ አንባቢው እሱ ይሆናል። ወረቀቱን በአንድ ገጹ ብቻ፣ መስመሩን አራርቃችሁ አትሙት፤ በግራና በቀኝ የምጽፍበት ሰፋ ያለ ኅዳግ ተዉልኝ።