ስልኩ ምኑን ነው የሚያነበው?

ጥያቄ፦ ካፌ በኪውአር ኮድ ስከፍል የ6 ዓመት ልጄ «ስልኩ ምኑን ነው የሚያነበው?» እያለች ወጥራ ይዛኛለች። ምን ልበላት?

መልስ፦ እህቴ፣ ባለካሬ የሒሳብ ደብተር አውጪ። ጥቁር 1፣ ነጭ 0 ነው በያት። ስልኩ የሚቆጥረው ይህንኑ ነው። ትክክለኛው ኮድ ትንሽ ተደባልቆ ነው የሚጻፈው፤ እሱን ስታድግ ትደርስበታለች። አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል ብዙውን ጊዜ 8 ካሬ ይበቃዋል። የኛ «ሀ» ግን 24 ይፈልጋል! አብራችሁ አጥቁሩና ትየው። ሦስቱ ማዕዘን ላይ ያሉት ትልልቅ ካሬዎች መልእክት የላቸውም፤ ኮዱ የት እንዳለና ወዴት እንደዞረ ለስልኩ ያሳያሉ። ቡና ቢፈስበትስ ካለችሽ፣ መጠባበቂያ ካሬዎች አሉት። እንደ አሠራሩ እስከ 30 በመቶ ገደማ ቢበላሽም ይነበባል።