ቦንጋ ወይስ ሐረና? እናቴን ይዤ የትኛው ጫካ ልሂድ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ዘንድሮ ለገና ከባለቤቴና ከ6 ዓመት ልጃችን ጋር አዲስ አበባ እንገባለን። ጥምቀት ሲያልፍ እናቴን ይዘን ለ5 ቀን ጫካ ልንወርድ አስበናል። ልጄ ስለ ዝናብ ደን ትምህርት ቤት ተምሮ «አያቴ አገር ያለውን አሳየኝ» ብሎ አስጨንቆኛል። ባለቤቴ በከፋ ዞን ያለውን ደን እንይ፣ ቦንጋ እንሂድ ትላለች። እኔ የባሌውን ሐረናን እመርጣለሁ፤ ባሌ ደጋ ስለሆነ ወባ አያሰጋንም ብዬ ነው። እናቴ 67 ዓመቷ ነው። ደም ግፊት አለባት፤ ዕድሜዋን ሙሉ በእንጨት ጭስ ስታበስል ኖራ ሳንባዋ ስለተጎዳ በአፍ የሚሳብ ፓፍ ትጠቀማለች። እኔ ልጅ ሆኜ መተሐራ ስንኖር ወባ ደጋግሞ ይዞኛል፣ ስለዚህ ሰውነቴ ለምዶታል። የቱ ይሻለናል?

መልስ፦ ባለቤትዎ ልክ ናቸው፤ ቦንጋ ሂዱ። እርስዎ ሐረናን የመረጡበት ምክንያት ግን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልስልዎ።

«ባሌ ደጋ ነው» ሲባል ሰው ዐይኑ ላይ የሚመጣው የሳነቴ አምባ ነው። ሐረና ግን ቁልቁለት ነው። ከሳነቴ ጫፍ ተነስቶ በሪራ በኩል ወደ ዶሎ መና እየተንደረደረ 1,500 ሜትር ገደማ ድረስ ይወርዳል። ላይኛው ክፍል በርግጥ ብርድ ነው። የጫካ ቡናውና ጥቅጥቅ ያለው ደን ያለው ግን ወደ ታች ነው፤ ልጅዎም ማየት የሚፈልገው ይህንኑ ይመስለኛል። በአገራችን ወባ በብዛት የሚገኘው ደግሞ ከ2,000 ሜትር በታች ነው። ቦንጋ ከተማ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ስለዚህ በወባ በኩል አንዱን ከሌላው የሚያስመርጥ ነገር የለም፤ የትም ቢሄዱ የወባ መከላከያ መድኃኒት ትወስዳላችሁ።

ለእናንተ ቤተሰብ ልዩነቱ ያለው አየሩ ላይ ነው። ከጎባ ተነስቶ ሐረና ለመግባት ሳነቴን ማቋረጥ ግድ ነው፤ መንገዱ ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል፣ አጠገቡ ያለው ቱሉ ዲምቱም 4,377 ሜትር ነው። እዚያ ከፍታ ላይ ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን በባሕር ወለል ከሚያገኘው 60 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ሳንባው ጤነኛ የሆነ ሰው በመኪና አቋርጦ ቢያልፍ ቢበዛ ራሱን ያመዋል፣ ቁልቁል ሲወርድም ይለቀዋል። በጭስ የተጎዳ ሳንባ ያላቸው እናትዎ ግን መጠባበቂያ የላቸውም፤ ኦክስጅናቸው እዚያው መኪናው ውስጥ ሊወርድ ይችላል። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ለምደውታል የሚል ክርክር ይቀርብልኛል። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ናት፤ ከሳነቴ ጋር አትወዳደርም።

ከዚህ የባሰ ደግሞ አለ። እናትዎ ሐረና ውስጥ ሳሉ ትንፋሽ ቢያጥራቸው ወደ ጎባው ሪፈራል ሆስፒታል የሚመለሱት በየት በኩል ነው? በዚያው በሳነቴ ነው። አየር ያጠረውን ሰው አየሩ ይበልጥ ወደሚሳሳበት አሳፍሮ መውጣት ማለት ነው። እኔ ሁለቱንም ጫካ አይቻለሁ፤ ለዐይን ብቻ ከሆነ ሐረናን እመርጣለሁ። በዛፍ ሽበት የተሸፈኑት የአስታ ዛፎች ጉም ውስጥ ቆመው ሲታዩ ሌላ ነገር ናቸው። እናትዎን ይዤ ግን አልሄድም።

ወደ ቦንጋ ሲሄዱ ነገሩ ተቃራኒ ነው። ከአዲስ አበባ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ስለሚሉ ለሳንባቸው የተሻለ ነው። መንገዱ 450 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ በአንድ ቀን አትግፉት። እስከ ጅማ በአውሮፕላን ሄዶ የቀረውን መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ በመኪና መጨረስ ይቻላል። በመኪና ከሆነም ጅማ እደሩ። አንድ ነገር ቢፈጠር ከቦንጋ ወደ ጅማው የማስተማሪያ ሆስፒታል የሚወስደው መንገድ ተራራ የሚያስወጣ አይደለም። ከመነሳታችሁ በፊት ግን አዲስ አበባ ሳላችሁ በጣት ላይ በሚደረገው መለኪያ ኦክስጅናቸውን ይለኩላቸው፤ አርፈው ተቀምጠው ከ90 በመቶ በታች ካሳየ ጉዞው ይቅርና ሐኪማቸው ያያቸው። የሚያዳልጥ ቁልቁለት ስለሚኖር ምርኩዝ አይጥሉ። ፓፉ ደግሞ ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን እጃቸው ላይ ይሁን።

አሁን ወደ ወባው። «ለምጄዋለሁ» ያሉት አሳስቦኛል። በልጅነት ደጋግሞ መታመም የሚሰጠው ከፊል መከላከል በየጊዜው ካልታደሰ በጥቂት ዓመታት ይጠፋል። ሜሪላንድ ውስጥ ለረጅም ጊዜ የኖረ ሰው ለትንኟ እንግዳ ነው፤ እርስዎም ልጅዎም እኩል ናችሁ። የአዲስ አበባ ነዋሪ የሆኑት እናትዎም ቢሆኑ መከላከያ የላቸውም። የጥንት ሰዎች ቆላ ወርዶ በንዳድ መሞትን ይፈሩ የነበረው ያለ ምክንያት አልነበረም። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው ዋናው የወባ ወቅት በጥር ይበርዳል እንጂ አይጠፋም፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የመጀመሪያዎቹ 10 ወራት ብቻ ኢትዮጵያ ውስጥ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል።

ለአጭር ጉዞ እኔ የማዘው ማላሮን የተባለውን የወባ መከላከያ ክኒን ነው። ወደ ወባማው አካባቢ ከመግባት 1 ወይም 2 ቀን በፊት ተጀምሮ፣ እዚያ እያላችሁ በየቀኑ ተወስዶ፣ ከወጣችሁ በኋላም ለ7 ቀን ይቀጥላል። ሰው የሚያቆመው እዚህ ላይ ነው፤ «ጫካውን ትቼ መጣሁ፣ ምን ያደርግልኛል» ይላል። መድኃኒቱ የሚሠራው ጉበት ውስጥ በማደግ ላይ ያለውን ተውሳክ በመግደል ስለሆነ የመጨረሻዎቹ 7 ቀናት እንደ መጀመሪያዎቹ ያስፈልጋሉ። ቅባት ካለው ምግብ ወይም ከወተት ጋር ይወሰድ። ለልጅዎ በክብደቱ ልክ የሚሰጥ የሕፃናት ክኒን አለው። ርካሹ ዶክሲሳይክሊን ከ8 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ስለማይሰጥ ለእሱ አይሆንም። ለእናትዎ ደግሞ የእርስዎን ክኒን ከማካፈልዎ በፊት የኩላሊት ምርመራ ይደረግላቸው፣ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ሐኪማቸው ይይ፤ ኩላሊት በጣም ከደከመ ማላሮን አይሰጥም። አጎበርና ዲት (DEET) የተባለው ትንኝ አባራሪ ያለበት ቅባት መድኃኒቱን አይተኩም፣ መድኃኒቱም እነሱን አይተካም።

ቢጫ ወባ ሌላ በሽታ ነው፤ ስሙ ነው የሚያደናግረው። ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ይህንን በሽታ በደንብ ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1962 በኦሞ ሸለቆና በአካባቢው የተነሳው ወረርሽኝ 30,000 ያህል ሰው እንደጨረሰ ይገመታል። ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎና ለልጅዎ ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ ይሰጥ። ከዚህ በፊት ከወሰዱት ቢጫ ካርዱን ፈልጉ፤ እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ የአንድ ጊዜ ክትባት የምስክር ወረቀት ዕድሜ ልክ ይሠራል። የእናትዎ ግን ይለያል። ከ60 ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወሰድ ክትባቱ ራሱ አልፎ አልፎ ከባድ ጉዳት ያደርሳል። ምናልባት እናንተን ለመጠየቅ ወይም ለሌላ የውጭ ጉዞ ሲወጡ ወስደውት ከሆነ መሳቢያቸው ውስጥ ካርዱ ይኖራል። ከሌለ ደግሞ አካባቢው ላይ ወረርሽኝ እስካልተሰማ ድረስ እኔ ለ5 ቀን ብዬ አልከትባቸውም፤ የመጨረሻውን ቃል ግን ለሐኪማቸው ልተው።

ከፋ ውስጥ ፈጣን ወንዝ ዳር የምትናደፍ ጥቁር ዝንብ አለች፣ ዐይን የሚያጠፋውን በሽታ የምታስተላልፈው። እሷን ግን ለ5 ቀን እንግዳ አልሰጋም፤ በሽታው የዓመታት ንክሻ ይፈልጋል። ረጅም ሱሪና እጅጌ ያለው ልብስ ይበቃል፤ ለመዥገርም ይጠቅማል። ይልቅ የሚያሳስበኝ ልጅዎ ነው፤ አሜሪካ ያደገ ልጅ ውሻ ባየ ቁጥር መዳሰስ ይወዳል። ውሻ ወይም ጦጣ ከነከሰው ወይም ከቧጨረው ቁስሉ ወዲያውኑ በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ ይታጠብ፣ በዚያው ቀንም የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ወዳለበት ይወሰድ። «ትንሽ ጭረት ናት» ተብሎ አይተው።

ወደ ሜሪላንድ ከተመለሳችሁ በኋላ ከእናንተ አንዱን ትኩሳት ቢይዘው፣ ከ2 ሳምንት በኋላም ይሁን ከ8 ወር በኋላ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ይሂድ። አንደኛው የወባ ዓይነት ጉበት ውስጥ ተኝቶ ለወራት ስለሚቆይና ማላሮን የተኛውን ስለማይገድል፣ ማላሮን በትክክል የወሰደም ሰው ሊያመው ይችላል። የድንገተኛ ክፍል ሐኪሙ ጥር ላይ ትኩሳት ሲያይ መጀመሪያ የሚያስበው ጉንፋን ነው። ሳይጠየቁ «ኢትዮጵያ ውስጥ ጫካ አድሬያለሁ፣ ደሜ ለወባ ይታይልኝ» ይበሉ፤ የመጀመሪያው ውጤት ነጻ ከሆነም ምርመራው በ12 ወይም በ24 ሰዓት ልዩነት ይደገም።