ራም ጨመርኩለት፣ ኤስኤስዲ ገጠምኩለት፤ ታዲያ ለምን ይጠፋብኛል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። የምጽፍላችሁ ከጅማ ነው። ዩኒቨርሲቲው ዋና ግቢ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና የሕትመት ቤት አለኝ። የምሠራበት ዴስክቶፕ ፕሮሰሰሩ የኢንቴል ኮር አይ ፋይቭ 2400 ነው፤ አሮጌ ቢሆንም አሳፍሮኝ አያውቅም ነበር። የመመረቂያ ጽሑፍና ባነር ሲበዛብኝ እየተንቀራፈፈ ስላስቸገረኝ አሻሻልኩት። 4 ጊጋ ራሙ ላይ ሌላ 4 ጊጋ ጨመርኩ፣ ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ ቀየርኩ፣ ያገለገለ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ግራፊክስ ካርድም አስገጠምኩ። መጀመሪያ እንደ አዲስ ፈጠነ። ከዚያ ግን አበደ። ፎቶሾፕ ላይ ትልቅ ባነር ስሠራ ምንም ሳይል ድርግም ይልና ራሱ ተመልሶ ይነሳል። አንዳንዴ ደግሞ ወርድ ብቻ ከፍቼ ሳለ ሰማያዊ ስክሪን ያመጣል፣ የሚጽፈውም በየጊዜው ይለያያል። ማታ ከሶኬት ነቅዬው ስለምሄድ ነው መሰለኝ፣ ጠዋት ሰዓቱና ቀኑ ተዛብቶ ይጠብቀኛል። ፎርማት አስደረግኩት፣ ምንም ለውጥ የለም። ጠጋኙ ማዘርቦርዱ (ሁሉም ክፍል የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ) ሞቷል፣ ሌላ ግዢ አለኝ። እውነት ነው? ወይስ ዊንዶውስ 11 ብጭንበት ይሻለዋል?

መልስ፦ እህቴ፣ ማዘርቦርድ ለመግዛት አትቸኩይ። እንደገናም ፎርማት አታስደርጊ፤ ችግሩ ዊንዶውሱ ቢሆን ኖሮ አዲስ ሲጫን በለቀቀሽ ነበር። ደብዳቤሽን ሳነበው አንድ ብልሽት ሳይሆን ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው የታዩኝ። ድርግም ማለቱ ለብቻው ነው፣ ሰማያዊው ስክሪን ለብቻው፣ የሰዓቱ መዛባትም ለብቻው። ሦስቱ ተደባልቀው ሲታዩ ነው ሰው በቃ ማዘርቦርዱ ነው ወደሚለው የሚሄደው።

ዋናው ድርግም የሚለው ነው። ሰማያዊ ስክሪን እንኳን ሳያሳይ የሚጠፋ ኮምፒውተር፣ በተለይ ሥራ ሲከብደው የሚጠፋ ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ኃይል ነው የሚያጥረው። ክዳኑን ክፈቺና ፓወር ሰፕላዩ (ከሶኬት የመጣውን ኃይል ለማሽኑ የሚያከፋፍለው ሳጥን) ላይ የተለጠፈውን አንብቢ። የዚያ ዘመን የቢሮ ማሽኖች ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው 240 ወይም 265 ዋት ነው። እስቲ እንደምር። ፕሮሰሰርሽ 95 ዋት የተመደበለት ነው። ካርዱ 75 ዋት ይፈልጋል፤ ይህ ደግሞ ማዘርቦርዱ ላይ ያለው የካርዱ ማስገቢያ ሊሰጥ የሚችለው የመጨረሻው ልክ ነው። የሁለቱ ድምር 170 ስለሆነ ይበቃል ትዪ ይሆናል። ግን ማዘርቦርዱ፣ ዲስኩ፣ ፋኖቹ፣ ዩኤስቢ ላይ የሰካሽው ሁሉ አለ። በዚያ ላይ ፓወር ሰፕላዩ ከ10 ዓመት በላይ ያገለገለ ነው፤ ውስጡ ያሉት ኃይል የሚያጠራቅሙ ካፓሲተሮች ደክመዋል፣ የተጻፈበትን ዋት እንደ ድሮው አይሰጥም። የካርዱ አምራችም ቢያንስ 300 ዋት ፓወር ሰፕላይ ይኑር ይላል። ፎቶሾፕ ካርዱን ድንገት ሲያሠራው ቮልቴጁ ይወርድና ማሽኑ ይጠፋል።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ፎቶ ኮፒው ወይም ሌዘር ፕሪንተሩ ከኮምፒውተሩ ጋር በአንድ ማከፋፈያ ላይ ነው የተሰካው? ከሆነ ዛሬውኑ ለይያቸው። ሌዘር ፕሪንተር ቀለሙን ወረቀቱ ላይ የሚያጣብቀው በሙቀት ነው፤ ያ ክፍሉ በጋለ ቁጥር ብዙ ኃይል ስለሚስብ መስመሩ ላይ ያለው ቮልቴጅ ዝቅ ይላል፣ የደከመ ፓወር ሰፕላይ ደግሞ ይህን አይችልም። ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ማሽኑን ለጥቂት ጊዜ በባትሪ የሚያቆየው) ካለሽም ፕሪንተሩን እሱ ላይ አትሰኪ። በክረምት መብራቱ ሄድ መጣ ሲል ማሽኑን ከሶኬት ነቅለሽ መሄድሽ ጥሩ ልማድ ነው፣ አትተዪው።

ለማረጋገጥ ሳንቲም አታወጪም። ማሽኑን አጥፍተሽና ከሶኬት ነቅለሽ ካርዱን አውጪው፣ ሞኒተሩን ማዘርቦርዱ ላይ ባለው ማስገቢያ ሰኪው። ፕሮሰሰሩ የራሱ ግራፊክስ ስላለው ምስል ይሰጥሻል። እንደዚህ ሆኖ ጥቂት ቀን ያንኑ ሥራ ሥሪበት። ድርግም ማለቱን ከተወ፣ ወይ ፓወር ሰፕላዩ ነው ወይ ያገለገለው ካርድ ራሱ። ካርዱን በቂ ፓወር ሰፕላይ ያለው የጓደኛ ማሽን ላይ ሞክሪው፤ እዚያ ደህና ከሠራ ፓወር ሰፕላዩን ቀይሪ። ለመግዛት ሄርማታ ስትወጪ ግን አሮጌውን ይዘሽ ውጪ። ብራንድ ማሽኖች አንዳንዶቹ ቅርጹም ኮኔክተሩም የራሳቸው ብቻ ስለሆነ፣ በዋት ብቻ መርጠሽ ከገዛሽ ላይገባልሽ ይችላል።

ሌላም ምልክት አለ። ኢቨንት ቪውወር በሚባለው የዊንዶውስ መዝገብ ውስጥ ሲስተም የሚለውን ክፈቺና ከርነል ፓወር 41 የሚል ካለ እዪ። ዝርዝሩ ላይ በግቼክ ኮድ (የስህተቱ ቁጥር) 0 ካለ ዊንዶውስ ስህተት ለመመዝገብ እንኳን ጊዜ አላገኘም ማለት ነው፤ እንደ አንቺ ባለው ሁኔታ ጥርጣሬውን ወደ ኃይል ይወስደዋል።

አሁን ወደ ሰማያዊው ስክሪን። ጽሑፉ በየጊዜው መለያየቱ፣ አንዴ ሜሞሪ ማኔጅመንት ሌላ ጊዜ ሌላ ማለቱ፣ ራሙን ያስጠረጥራል። ሁለት የተለያዩ ራሞች አብረው ሊሠሩ ይችላሉ፣ ፍጥነታቸው ቢለያይ ሁለቱም በዝግተኛው ልክ ይሄዳሉ። ግን ሁልጊዜ አይስማሙም። በርካሽ ከሚሸጡት ዲዲአር 3 ራሞች (ያንቺ ማሽን የሚወስደው ዓይነት) መካከል ደግሞ ለኤኤምዲ ፕሮሰሰር ብቻ ተብለው የተሠሩ አሉ፤ ኢንቴል ማሽን ላይ ወይ አይነሱም ወይ ያስቸግራሉ። አዲሱን አውጥተሽ በአሮጌው ብቻ ሥሪ፣ ከዚያ በአዲሱ ብቻ። ስታወጪ የወርቅማውን ጥርስ በንጹሕ ላጲስ ቀስ ብለሽ ጥረጊው፣ ፍርፋሪውንም አራግፊ። ሜምቴስት 86 ፕላስ የሚባል ነጻ ፕሮግራም ፍላሽ ላይ ጭነሽ እያንዳንዱን ራም ለብቻው ረጅም ሰዓት ፈትሺበት። አንድ ስህተት እንኳን ካወጣ ማስገቢያውን ቀይረሽ ድገሚ፤ ስህተቱ ራሙን ከተከተለ ራሙን መልሺው። ማስገቢያውን ከተከተለ ያኔ ጠጋኙ ስለ ማዘርቦርዱ ያለው ነገር ሚዛን ያነሳል።

ሰዓቱ ቀላሉ ነው። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ፣ ሲአር 2032 የምትባለው ባለ 3 ቮልቷ፣ አልቃለች። ቀይሪያት። ትንሽ ነገር ናት ብለሽ ግን አትለፊያት፤ ባትሪዋ ስታልቅና ማሽኑ ሲነቀል የባዮስ (ማሽኑ ሲበራ ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው ፕሮግራም) ቅንብር ሁሉ ወደ መነሻው ይመለሳል። ዊንዶውስ ኤስኤስዲው ላይ ሲጫን ባዮሱ ኤኤችሲአይ በሚባለው የዲስክ አሠራር ላይ ከነበረና በነጋታው ወደ ሌላ ከተቀየረ፣ ዊንዶውስ ዲስኩን ማግኘት አቅቶት ኢንአክሰሲብል ቡት ዲቫይስ ይልሻል። ይህን ጽሑፍ ጠዋት ላይ አይተሽው ከነበረ ኤስኤስዲው ተበላሸ ብለሽ አትደንግጪ፤ ባዮስ ውስጥ ገብተሽ ወደ ነበረበት መልሺው። ሰዓቱ ሲዛባ ብዙ ድረ ገጾች አልከፈት የሚሉትም በዚሁ ነው።

ዊንዶውስ 11ን አሁን እርሺው። ከኢንቴል በኩል ከ8ኛው ትውልድ ጀምሮ ላሉት ፕሮሰሰሮች ነው፣ ያንቺ 2ኛው ትውልድ ነው። በጎን በር መጫን ይቻላል የሚሉሽ አይጠፉም፤ ግን የሚጠፋ ማሽን ላይ ሌላ ጥያቄ መጨመር ነው የሚሆነው።

ባዮሱን አፕዴት እናድርገው ካሉሽ ዩፒኤስ ከሌለ እንቢ በይ። መሃል ላይ መብራት ከሄደ ደህናው ማዘርቦርድሽ እውነትም ሊሞት ይችላል። መጀመሪያ ካርዱን አውጪውና የሆነውን ጻፊልን፤ ሰማያዊው ስክሪን ከመጣም በስልክሽ ፎቶ አንስተሽ ጽሑፉን እንዳለ ላኪልን።