ድሬዳዋ ላይ ፔንሲዮን ለምትከፍተው ወንድሜ፦ «እንዳለ ይታደስ» እንዳትል

ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። ከዚራ ሰፈር ጫፍ፣ ወደ ደቻቱ ወንዝ በሚወርደው በኩል አሥር ክፍል ፔንሲዮን ልትከፍት ነው። ከታች ካፌ ይኖረዋል። ባንኩ ለብድሩ ኢንሹራንስ አምጣ ብሎሃል። አንተ ደግሞ «የእሳት ብቻ ይበቃል ወይስ ሌላም ልጨምር? የትኛው ድርጅት ይሻላል?» ብለህ ጠየቅክ። የኔም ቤት እንደዚሁ ነው። አሥራ ሁለት ክፍል፣ ከታች ካፌ፣ ከወንዙ ብዙም የማይርቅ። ስለዚህ እኔ የደረሰብኝ አንተ ላይ እንዳይደርስ ልንገርህ።

የትኛው ድርጅት የሚለውን ለጊዜው ተወው። እኔን የጎዳኝ የፈረምኩት ወረቀት ነው።

1. ጎርፍ ውሉ ውስጥ መግባቱን በዓይንህ አይተህ አረጋግጥ። ባንክ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቅህ «እሳትና መብረቅ» የሚባለውን ነው። ጎርፍ እዚያ ውስጥ የለም። በተጨማሪ ሽፋን ነው የሚገባው፤ ተጨማሪ አረቦንም (ለኢንሹራንሱ የምትከፍለው ገንዘብ) ይከፈልበታል። እኔ ውሉን ስገባ «ጎርፍ ጨምሩልኝ» ብል ፊት ለፊቴ የተቀመጠው ልጅ «ግንቡ ተሠርቶ የለም እንዴ? ምን ያደርግልሻል?» አለኝ። ወንዙ ዳር የተሠራውን መከላከያ ማለቱ ነው። የድሬ ልጅ አልመሰለኝም። የድሬ ልጅ እንዲህ ብሎ አይጠይቅም።

ሐምሌ መጨረሻ 1998 ደቻቱ በሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። ያኔ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ድምፁ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ደቻቱን አሁን ብታየው አሸዋ ነው። ሰው ያቋርጠዋል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ዝናቡ የሚዘንበው ግን ላይ፣ ደንገጎ በኩል ተራራው ላይ ነው። እዚህ ከተማው ውስጥ ጠብታ ሳይወርድ ውሃው ሊመጣ ይችላል። ይሄን ለልጁ ብነግረው አይገባውም። «አንተ ብቻ ጻፍ» አልኩት። ጻፈ። በዚህ ዛሬም እኮራለሁ። ከኛ መንገድ ጎርፍ ያስገባሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ስድስት ማሽን ጭቃ በላበት፤ ኢንሹራንስ ነበረው፣ ግን የእሳት። አምስት ሳንቲም አላገኘም።

2. የዕቃህን ዋጋ በዛሬ ገበያ አስጽፍ። እኔ የተቃጠልኩት እዚህ ላይ ነው፤ ይሄን ቀስ ብለህ አንብበው።

ውሉን የገባሁት 2014 ላይ ነው። የዕቃዬን ዋጋ 1,200,000 ብር ብዬ አስጻፍኩ። ፍራሹ፣ አልጋው፣ ቴሌቪዥኑ፣ የቡና ማሽኑ፣ ፍሪጆቹ፣ ጄኔሬተሩ ሁሉም ተደምሮ ማለት ነው። ያኔ ልክ ነበር። ሐምሌ 2016 ላይ ዶላር በገበያ ዋጋ ይመንዘር ተባለ። ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ተከትሎ ወጣ። እኔ ራሴ የሜኑውን ዋጋ በዚያ ዓመት ሦስቴ ቀይሬያለሁ። መስከረም 2017 ላይ ኢንሹራንሱ ሊያልቅ ሲል ከቅርንጫፉ ደወሉልኝ። «እህት፣ እንዴት ይሁን?» አለችኝ ልጅቷ። ባጃጅ ውስጥ ነበርኩ፣ ዳቦ ጭኜ። «እንዳለ ይታደስ» አልኳት። በዚህች ቃል ከአራት መቶ ሺህ ብር በላይ አጥቻለሁ።

ውሃው የመጣው ለሐምሌ ገብርኤል አምስት ቀን ሲቀረው ነው። የቁልቢ ሰሞን ድሬ ላይ አልጋ እንደማይገኝ ታውቃለህ። አሥራ ሁለቱም ክፍል ቀብድ ተከፍሎበት ነበር። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ ጥበቃው በሩን ደበደበ። ደቻቱ እንኳን አልነበረም። ከላይ በአስፋልቱ የወረደ ውሃ ቦዩን ሞልቶ በግቢው በር ገባ። ስወርድ ካፌው ውስጥ ባለ ሁለት በሩ ፍሪጅ ተንሳፍፎ ባንኮኒውን እየመታ ነው። የቡና ማሽኑን በኋላ ስንፈታው ውስጡ ደለል ጠጥቶ፣ እንደ ቸኮሌት የጠነከረ ጭቃ ወጣው። ታች ያሉት አራት ክፍሎች ፍራሻቸው ለሁለት ሰው እንኳን አልነሳ አለ።

አንድ ነገር በደንብ አድርጌያለሁ። ውሃው ሳይጎድል ግድግዳው ላይ በእርሳስ አሰመርኩ። የኢንሹራንሱ ጉዳት ገማች መጥቶ በሜትር ሲለካው 64 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ያቺ መስመር በኋላ አዳነችኝ። ቢሮ ውስጥ አንዱ «ይሄ የቦይ ውሃ ነው እንጂ ጎርፍ አይደለም» ብሎ ክርክር ጀምሮ ነበር። ውሃው ከውጭ በበር መግባቱን፣ ከቧንቧ አለመፍሰሱን ከበሩ ጀምሮ ያለው መስመርና ፎቶው አሳየ። አንተም ውሃ ከገባብህ ከማጽዳትህ በፊት አሰምር፣ ፎቶ አንሳ፣ የዚያኑ ቀን ደውል፣ ደብዳቤም አስገባ። የተበላሸውን ዕቃ ገማቹ ሳያየው እንዳትጥል።

ገማቹ ጨዋ ሰው ነበር። ችግሩ ሂሳቡ ላይ መጣ። የደረሰው ጉዳት 800,000 ብር ነው ተባለ። እኔ 1,200,000 ብር ዋስትና ስላለኝ ሙሉውን አገኛለሁ ብዬ ተቀምጫለሁ። ካሳ ክፍል የተቀመጠው ሰውዬ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ «አቬሬጅ አለብሽ» አለኝ። ምንድን ነው ስለው «ውሉን አላነበብሽም?» አለ። እንደዚያ ነው ያናገረኝ፣ ጭቃ ስጠርግ ያደርኩትን ሴት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዕቃዬ ሁሉ ውሃው በገባበት ጊዜ ቢገዛ 3,000,000 ብር ያወጣ ነበር። እኔ ያስጻፍኩት 1,200,000 ነው። ስለዚህ ከመቶ አርባውን እጅ ብቻ ነው ያስዋስትኩት፤ የቀረውን ስልሳ እጅ ራሴ እንደተሸከምኩ ይቆጠራል። ጉዳቱ በከፊል ቢሆንም ካሳው በዚያው ልክ ይወርዳል። የ800,000 አርባ በመቶ 320,000 ነው። ከዚያ ላይ ውሉ ውስጥ ያለው አሥር በመቶ ተቀናሽ፣ ማለትም ራሴ የምሸከመው ድርሻ፣ ተነሳ። እጄ የገባው 288,000 ብር ነው። የ3,000,000 ብር ዋስትና ብገባ ኖሮ በአረቦኑ ላይ የሚጨመረው ከአንድ ጥሩ ፍራሽ ዋጋ አይበልጥም ነበር። ይሄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ደውላ ያናገረችኝ ልጅ ሥራዋን ሠርታለች። ግን «እህት፣ ዕቃ እኮ ጨምሯል፣ ዋጋውን እናስተካክለው?» ብትለኝ ምን ነበረበት? ገንዘቤን በየዓመቱ እየተቀበሉ ይሄን አንድ ዓረፍተ ነገር መንፈጋቸው ደግ አይደለም።

3. ደረሰኝ። የኔ ደረሰኝ ሁሉ የባንኮኒው የታችኛው መሳቢያ ውስጥ ነበር። እዚያው ሾርባ ሆነ። ስለዚህ አራት ወር ያልሞላቸውን ፍራሾች በእርጅና ቀንሰው ጉዳቱን መጀመሪያ 710,000 ብር አደረጉት። «ፈርሚና ውሰጂ» አሉኝ። ወረቀቱ «ሙሉ ካሳዬን ተቀብያለሁ፣ ከዚህ በኋላ ጥያቄ የለኝም» ይላል። አልፈርምም አልኩ። ሦስት ሳምንት ተመላለስኩ። አንድ ቀን «ሲስተም የለም»፣ አንድ ቀን «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው»፣ አንድ ቀን «ነገ ነይ»። በመጨረሻ ፍራሹን የገዛሁበትን ደረሰኝ ፎቶ ለእህቴ በቴሌግራም ልኬላት እንደነበር ትዝ አለኝ። አሳየኋቸው፤ 800,000 የሆነው ያኔ ነው። እንደዚያ ባልቆም ኖሮ ሌላ ከሠላሳ ሺህ ብር በላይ ይቀርብኝ ነበር። አሁን የገዛሁትን ሁሉ እዚያው ሱቁ በር ላይ ቆሜ ፎቶ አንስቼ እልካለሁ።

የሕንፃው ነገር አጭር ነው። ቤቱ በባንክ የተያዘ ከሆነ የሕንፃው ካሳ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ባንኩ ነው። ዕቃህን ለብቻ፣ በራስህ ስም አስጽፍ። ባንኩ ስለ ፍራሽህ አይጨነቅም።

ሥራ ሲቋረጥ የሚቀርብህን ገቢ የሚሸፍንም አለ። እሱ የተስተካከለ የሒሳብ መዝገብ ይፈልጋል፤ እኔ ያኔ አልነበረኝም። ለቁልቢ የያዙትን ሁሉ እየደወልኩ ቀብዳቸውን መለስኩ። ሐረር ጀጎልን አይተው ተመልሰው እኔ ጋ ሊያድሩ የነበሩ ፈረንጆችንም ሌላ ቤት ወሰድኳቸው። ካፌው ሁለት ወር ተዘጋ። መዝገብህ ከመጀመሪያው ቀን ይስተካከል፣ ይሄንንም ጠይቃቸው።

አሁን በየዓመቱ ነሐሴ ላይ ደብተር ይዤ ታይዋን ገበያ እወርዳለሁ። የፍሪጁን፣ የቴሌቪዥኑን፣ የማሽኑን የዛሬ ዋጋ ሱቅ ለሱቅ እጠይቃለሁ። ከዚያ ክፍል በክፍል እጽፍና ለኢንሹራንሱ በደብዳቤ አስገባለሁ፤ ቅጂው ላይ «ደርሷል» አስብዬ ማኅተም አስመታለሁ። አምና የጻፍኩት 3,400,000 ብር ነው። የቡና ማሽኑንና ፍሪጆቹንም ብረት አስበይጄ ከመሬት ከፍ አድርጌያቸዋለሁ። አንተም ቤትህን እያደስክ ስለሆነ የሶኬቶቹን ከፍታ ከወዲሁ ለኤሌክትሪሻኑ ንገረው፤ የኔ ሶኬቶች ታች ነበሩ።

የዕቃ ዝርዝሬን ባዶ ፎርም በውስጥ መስመር እልክልሃለሁ። የሚሰጡህን የማመልከቻ ቅጽም ከመፈረምህ በፊት ገጽ በገጽ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። ማታ ካፌው ከተዘጋ በኋላ ቁጭ ብዬ አየዋለሁ አቦ።