ጃኩዚው አልሞቅ ካለ፣ ማሞቂያውን ከማስቀየርሽ በፊት ፊልተሩን አውጪ

እህቴ፣ ማሞቂያውን እንዳታስቀይሪ። ቢያንስ ይህን አንብበሽ ሳትጨርሺ ለማንም እሺ እንዳትዪ።

ጥያቄውን ላላያችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። የእህታችን ጃኩዚ 38 ዲግሪ እንዲሞቅ ታዞ፣ ከ20 ተነስቶ በአንድ ሌሊት 31 ይደርስና እዚያው ቀጥ ይላል። ፓምፑ ይሠራል። ብሬከሩ አይወርድም። ፓነሉ ላይ ግን አንድ ምልክት ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ባለሙያ አስመጥታ "ማሞቂያው ተቃጥሏል፣ መቀየር አለበት" ተብላለች። ልቀይረው ወይስ አልቀይረው ነው የምትለው።

የኔም ቁርጥ ይሄው ነበር። ስለዚህ "አጥፍተሽ አብሪው" የሚለውን ምክር ለሌሎች ልተወውና ወደ ዋናው ልግባ።

1. የተቃጠለ ማሞቂያ ውሃውን ከ20 ወደ 31 አያወጣውም። እርግጥ ፓምፑ ብቻውን ሲዞርም ትንሽ ሙቀት ይሰጣል። ግን 1500 ሊትር የሚሆን ውሃ በአንድ ሌሊት 11 ዲግሪ የሚያወጣ ጉልበት ከፓምፕ አይመጣም። ውስጡ ያለው ሽቦ ተበጥሶ ቢሆን ጭራሽ አያሞቅም ነበር። ተሰንጥቆ ውሃ ገብቶት ቢሆን ደግሞ ማሞቂያው በተነሳ ቁጥር ብሬከሩ ይወርድ ነበር። ያንቺ አልወረደም። ማሞቂያሽ ይሠራል ማለት ነው። የሚያስቆመው ሌላ ነገር ነው።

2. ያ ብልጭ የሚለው ምልክት ኤፍ ኤል ብሎ የሚጀምር ወይም ኤች ኤፍ ኤል የሚል ከሆነ፣ በብዙ ጃኩዚዎች ላይ ትርጉሙ "ውሃ በበቂ መጠን አያልፍብኝም" ነው። የአምራቹ መመሪያ ላይ አረጋግጪ፣ አንዳንዱ የራሱ ፊደል አለው። ማሞቂያው የተቀመጠበት ቱቦ ጠባብ ነው። ውሃው ቶሎ ቶሎ ካላለፈ እዚያው ይግላል። ባዶ ድስት እሳት ላይ እንደ መተው ነው። ይህ እንዳይሆን ሴንሰር ወይም የግፊት ማብሪያ ተገጥሞለታል፤ የውሃው ፍሰት ሲያንስ ማሞቂያውን ይቆርጠዋል። ትንሽ ሲበርድ መልሶ ያበራዋል። እንደገና ይቆርጠዋል። ውሃው ለብ ብሎ የሚቀረው ለዚህ ነው፤ ማሞቂያው አለ፣ ግን አያሠሩትም።

እኛ ቤት የመጣው ባለሙያ ይህን ምልክት በዓይኑ አይቷል። እኔ ራሴ ነኝ በጣቴ ያሳየሁት። "እሱ ሁልጊዜ ይመጣል፣ ተወው" ብሎ አለፈው። መልቲሜትር፣ ማለትም የኤሌክትሪክ መለኪያውን፣ ከቦርሳው አላወጣም። ሳይለካ ነው "ተቃጥሏል" ያለው። ጃኩዚውን የገዛነው ለቅንጦት አይደለም፣ እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት ነው። ብርድ በገባ ቁጥር ስትሰቃይ እያየሁ ከባለሙያ ጋር የምከራከርበት አንጀት አልነበረኝም። ተቀየረ። ዕቃውም የእጅ ዋጋውም እሳት ነበር።

አዲሱ ማሞቂያ ገባና ውሃው ሞቀ። ደስ አለን። ብዙም ሳይቆይ ያው ምልክት፣ ያው 31። ደውዬ ሳስመጣው ምን ቢል ጥሩ ነው? "እንግዲያው ቦርዱ ነው።" ቦርድ፣ ማለትም ጃኩዚውን የሚያዘው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ፣ ደግሞ በዋጋ ከማሞቂያው ይብሳል። እዚህ ላይ ነው የከነከነኝ።

ባለሙያው የነቀለውን አሮጌ ማሞቂያ ጥግ ላይ ጥሎት ሄዶ ነበር። አንስቼ ጠራረግኩትና በመልቲሜትር ለካሁት። የኛ 5.5 ኪሎዋት ነው፣ በ240 ቮልት የሚሠራ። ቮልቱን በራሱ አባዝተሽ ለዋቱ ስታካፍዪው 10.5 ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ ነው) ገደማ ይመጣል። መልቲሜትሩ 10.6 አለኝ። ከአንዱ ጫፍ ወደ ብረት ሽፋኑ ስለካው ደግሞ ምንም ንባብ የለም፣ ማለትም ወደ ውጪ አያፈስም። ጤነኛ ዕቃ ነው ያስጣሉኝ።

ወደ ቢሮው ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ሴት መጀመሪያ "አቤት፣ ምን ልታዘዝ፣ እርስዎ" ብላ ጀመረች። የለካሁትን ስነግራት ድምጿ ተቀየረ። አንቱታው ቀረ። "አንተ ባለሙያ ነህ እንዴ? ባለሙያችን የጻፈው ይበቃናል" አለችኝና ዘጋችው። በገዛ ገንዘቤ ተሰደብኩ። ገንዘቡን መቼም ረስቼዋለሁ፣ ያቺ ንግግር ግን አሁንም ታንገበግበኛለች።

3. ስለዚህ የመጀመሪያው ፍተሻሽ ይህ ይሁን፣ አንድ ሳንቲም አያስወጣም። ኃይሉን አጥፊና ፊልተሩን አውጪው። ጃኩዚው ውስጥ ሰው አይኑር። ውሃው ላይ ቅጠልም ሆነ ሌላ ቆሻሻ እንደሌለ አይተሽ መልሰሽ አብሪውና ጠብቂ። ምልክቱ ከጠፋና ማሞቂያው ሳይቆራረጥ ከሠራ፣ ጥፋተኛው ፊልተሩ ነው። እኔ የጎኑን ሽፋን ፈትቼ አጠገቡ ተቀምጬ አዳመጥኩ። ፊልተሩ ገብቶ ሳለ ቦርዱ ላይ ያለው ሪሌይ (ማሞቂያውን የሚያበራና የሚያጠፋው ማብሪያ) ጠቅ ይላል፣ ትንሽ ቆይቶ መልሶ ጠቅ ይላል፣ ዕረፍት የለውም። ፊልተሩን ሳወጣው አንዴ ጠቅ አለና ዝም። ሙቀቱ መውጣት ጀመረ። በ3 ኪሎዋት ማሞቂያ 1500 ሊትር በሰዓት 2 ዲግሪ እንኳ አይሞላም፤ የኛ 5.5 ስለሆነ ወደ 3 ይጠጋል። ያንቺ ስንት ኪሎዋት እንደሆነ ማሞቂያው ላይ ተጽፏል፣ በዚያ ልክ ጠብቂ።

ለሙከራ ነው እንጂ ያለ ፊልተር እንዳትተዪው፣ ቆሻሻው ፓምፑ ውስጥ ይገባል።

አሁን "ፊልተሬ ንጹህ ነው" ትዪኝ ይሆናል። የኛም ነጭ ነበር። በየጊዜው በጎማ ውሃ ይታጠባል። ግን እጥፋቶቹን በጣቴ ገልጬ ወደ ብርሃን ሳነሳው ብርሃን አያሳልፍም። በጣሳ ውሃ አፈሰስኩበት፤ ውሃው ሰርጎ እንደማለፍ እጥፋቱ ላይ ቆመ። ጣቴን ሳሽ ደግሞ ሙልጭልጭ ይላል። ቅባት ነው። እናቴ ጉልበቷን በቅባት ታሽና ነው የምትገባው። ያ ሁሉ ቅባት ጨርቁ ውስጥ ገብቶ ደፍኖታል፣ ውሃ ብቻውን አያስለቅቀውም። ባለሙያው መጀመሪያ ማሞቂያውን ሲቀይር ውሃውን አውጥቶ ፊልተሩንም አድርቆ መልሶት ነበር፤ ለጊዜው የሞቀው በአዲሱ ማሞቂያ ሳይሆን በዚያ ይመስለኛል።

ለፊልተር ማጽጃ ተብሎ የሚሸጥ መድኃኒት አለ። በባልዲ በጥብጠሽ ፊልተሩን አሳድሪው፣ ጠዋት በደንብ አለቅልቂው። የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና እንዳትነኪ፣ ጃኩዚው አረፋ በአረፋ ይሆናል። በኃይለኛ ግፊት ማጠቢያም አይሁን፣ ጨርቁን ይበጣጥሰዋል። ካረጀ ግን አዲስ ግዢ፤ ከማሞቂያ ጋር ሲወዳደር ዋጋው ምንም አይደለም። እኔ ሁለት ገዝቼ እያፈራረቅኩ ነው፣ አንዱ ሲዘፈዘፍ ሌላው ይሠራል። እናቴ ገብታ ስትወጣ ፊቷ ላይ ያለውን እፎይታ ማየት ነው።

4. ፊልተሩ ወጥቶም ምልክቱ ካልጠፋ፣ የውሃውን ከፍታ እዪ፣ ከዚያ በፓምፑ ግራና ቀኝ ያሉት ቫልቮች ሙሉ በሙሉ መከፈታቸውን። ውሃውን በቅርቡ ቀይረሽ ከሆነ ፓምፑ ውስጥ አየር ታፍኖ ሊሆን ይችላል። ኃይሉን አጥፍተሽ ከፓምፑ በላይ ያለውን ዩኒየን (ቱቦውን ከፓምፑ ጋር የሚያያይዘው የሚጠመዘዝ ማያያዣ) ትንሽ ላላ አድርጊው፤ እስስ ብሎ አየሩ ይወጣል፣ ውሃ መንጠባጠብ ሲጀምር አጥብቂው። ፓነሉ በቁጠባ ሁነታ ላይ ከሆነም በብዙ ሞዴሎች የሚያሞቀው ፓምፑ ውሃውን በሚያጣራበት ሰዓት ብቻ ነው፣ እሱንም ተመልከቺ። ክዳኑን አንስተሽ እንደ ድንጋይ ከከበደሽ ውሃ ጠጥቷል፣ ሙቀቱ በዚያ ይወጣል።

አንዳንዱ "የግፊት ማብሪያውን በሽቦ እለፊው" ይልሻል። በፍጹም። ውሃ ሳያልፍ ማሞቂያው ከነደደ ቱቦው ይቀልጣል። ብሬከሩንም ቢሆን ማንም እንዳያልፈው፣ የሰው ሕይወት ነው።

ይህን ሁሉ አድርገሽ ባለሙያ ካስፈለገሽ፣ በሩ ላይ እንዲህ በዪው፦ "ማሞቂያውን ከመቀየርህ በፊት እፊቴ ለካልኝ፣ ኦሙን ወረቀት ላይ ጻፍልኝ።" ኃይሉ ጠፍቶ፣ የማሞቂያው ሽቦ ከቦርዱ ተነቅሎ ነው የሚለካው። የሚያውቅ ሰው በዚህ አይቆጣም። ከተቆጣ አሰናብቺው። የተነቀለውን ዕቃም ይዞ እንዳይሄድ፣ ያንቺ ነው።

መጀመሪያ ግን ዛሬ ማታ ፊልተሩን አውጪና ሞክሪው። ፓነሉ ላይ የሚወጣውን ፊደልና ከማሞቂያው ላይ የምታነቢውን ኪሎዋት እዚሁ ጻፊልኝ፣ ኦሙ ስንት መሆን እንዳለበት አስልቼ እነግርሻለሁ።