ትራንስፎርመሩ ስንት አምፔር ይችላል?

ዛሬ ሥራ ቀለል ብሎኛል። ስለ ትራንስፎርመር ጥያቄ ያለው ይወርውር፤ ቡናዬን እየጠጣሁ እመልሳለሁ።

ጋሼ፣ የሰፈራችን ትራንስፎርመር 315 ኬቪኤ ይላል። በአምፔር ስንት ነው?

ኬቪኤ ማለት ሺህ ቮልት-አምፔር ነው። ባለ ሦስት ፌዝ (ባለ ሦስት የኃይል መስመር) ስለሆነ 315000ን ለ(1.732 × 400) አካፍል። ወደ 455 አምፔር ይመጣል። ይሄ ወደ ቤታችሁ በሚመጣው በ400 ቮልት በኩል ነው። በላይ በ15 ሺህ ቮልት በኩል ግን 12 አምፔር ብቻ ነው።

455 የሦስቱም ፌዝ ድምር ነው?

ኧረ አይደለም! እያንዳንዱ ፌዝ ለብቻው 455 ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። አንድ ጊዜ እንዲህ ባለ ትራንስፎርመር ላይ በክላምፕ ሜትር (ሽቦውን አቅፎ አምፔር በሚለካ መሣሪያ) ስለካ አንዱ ፌዝ 520፣ ሌሎቹ 210 እና 190 አሳዩኝ። ሲደመር 920 ነው። ሦስቱ አንድ ላይ 1365 ይችላሉ ብለህ ካሰብክ "ገና ብዙ ቦታ አለው" ትላለህ። 520 የሚሸከመው ፌዝ የሽቦ ጥቅል ግን እየተቃጠለ ነው። የጎረቤቱ ማረፍ ምን ይፈይድለታል? ትልቅ ትራንስፎርመር አላስፈለገም፤ የተወሰኑ ቤቶች ወደ ሌሎቹ ፌዞች ሲዞሩ ተስተካከለ።

በምጣድ ቢሰላስ?

ይሄን ወደድኩት። 400 ቮልቱ በሁለት ፌዞች መካከል ነው፤ በአንድ ፌዝ ቤት የሚገባው 220 ገደማ ነው። 3500 ዋት ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ይስባል። ስለዚህ በአንድ ፌዝ 28 ምጣድ፤ ሌላ ምንም ሳይበራ! የበዓል ዋዜማ ፊውዝ ለምን እንደሚበጠስ ገባችሁ?

ለወፍጮ ቤት 200 ኬቪኤ አለኝ። 200 ኪሎዋት ልጫንበት?

አይሆንም ወንድሜ። ሞተር ላይ ፓወር ፋክተሩን (ከኬቪኤው በእርግጥ ሥራ ላይ የሚውለውን ድርሻ) 0.8 ብትይዝ 160 ኪሎዋት ነው። ሞተሮቹን ደግሞ አንድ ላይ አታስነሳ።

እህቴ ከአሜሪካ 1200 ዋት ሚክሰር ላከችልኝ። ከ220 ወደ 110 ቮልት የሚያወርድ 1000 ቪኤ (ቮልት-አምፔር) መቀነሻ ይበቃል?

አይበቃም እህት። መቀነሻው በ110 ቮልት በኩል 9 አምፔር ነው የሚችለው፤ ሚክሰሩ 11 ይፈልጋል። 2000 ግዢ።

ሰሌዳው ላይ ያለው 4% ምንድን ነው?

ኢምፔዳንሱ ነው፤ ትራንስፎርመሩ ራሱ ኤሌክትሪኩን የሚገታበት መጠን ማለት ነው። ሾርት ሲፈጠር የሚመጣውን አምፔር ትገምትበታለህ፦ 455 ÷ 0.04፣ ወደ 11 ሺህ አምፔር። ከትራንስፎርመሩ ሥር የምትሰቅለው ብሬከር 6 ሺህ አምፔር ብቻ ማቋረጥ የሚችል ከሆነ ራሱ ሊፈነዳ ይችላል። ብሬከር ስትገዛ ፊቱ ላይ የተጻፈውን ይሄን ቁጥር እይ።